ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር

ረጅም ጽሑፍ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ጊዜ የሌላችሁ እለፉት፣ አልቀየምም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ሰላምታው ሳያልቅ፣ "ቲቸር፣ ፖድካስት ልጀምር ነው። እማዬ ሐብሏንና አምባሯን ልትሸጥልኝ ተስማምታለች። ሁለት ካሜራ፣ ሦስት ማይክ፣ መብራት... በስድስት ወር ይመልሰዋል ተብያለሁ። ምን ይሉኛል?" አለኝ። ማን ነው ይመልሰዋል ያለህ ብለው አንድ ስልጠና መውሰዱን ነገረኝ። ለስልጠናው የከፈለው የሁለት ወር ደሞዙን ነው።

"ቆይ፣ አስቤ ልደውልልህ" ብዬ ዘጋሁት። ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቀኝ በዚህ ዓመት አራተኛው ሰው ስለሆነ መልሱን እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ልጄ፣ ስምህን አልጠራሁም፤ ራስህን ግን ታውቃለህ።

መጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር፣ ኋላ "ጋሼ ቀንቶ ነው" እንዳትሉኝ። ፖድካስት ሥራ ነው። ቴሌቪዥን በሃያ ደቂቃ ቆራርጦ የሚጥለውን አንጋፋ ሙዚቀኛ፣ ጡረታ የወጣ አብራሪ፣ የድሮ ወታደር፣ እነዚህ ልጆች ሁለትና ሦስት ሰዓት አስቀምጠው ሆዱ ያለውን እስኪጨርስ አስወርተውታል። ጋዜጠኝነት ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ያላወቅኋቸውን ነገሮች ከእነሱ ሰምቻለሁ፤ ቀርጸው ባያስቀሩልን ኖሮ ከሰውየው ጋር አፈር የሚገባ ታሪክ ነበር። ስለዚህ "ቁጭ ብሎ ማውራት ምን ሥራ ነው" ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሥራ ነው፣ ይከፈልበት። እኔን ያጣላኝ ከፋዩ መደበቁ ነው።

ከዩቲዩቡ ልጀምር፣ አሰልጣኞቹም ከእሱ ነው የሚጀምሩት። ቻናልህ ከማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኝ 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠየቃል፤ ወይም በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ። ይቻላል፣ ስንቱ አድርጎታል። ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶው የባለቻናሉ ነው፣ ከሾርትስ 45 በመቶ። ይህን ሁሉም አሰልጣኝ ሰሌዳ ላይ ይጽፍልሃል። ሰሌዳው ላይ የማይጽፈው ይሄ ነው፦ ዩቲዩብ ገቢ በሚከፍልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኬንያ አለች፣ ኡጋንዳ አለች፣ ታንዛንያ አለች፣ ኢትዮጵያን ግን ለዓመታት ፈልገን አጥተናታል። ፒያሳ ተቀርጾ፣ ፒያሳ ተቆርጦ፣ ከፒያሳ የተጫነው ቪዲዮ "አገሩ" አሜሪካ ወይም ዱባይ የሚሆነው ለዚህ ነው። አካውንቱ በቨርጂኒያ አጎት፣ በሜሪላንድ የአክስት ልጅ፣ በዱባይ የድሮ ጎረቤት ስም ይከፈታል።

ይህ የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስልህ። ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዷን የሰጠችው ቻናል በዘመድ ስም ነበር። ቻናሉ ሲያድግና ወሩ ጥሩ ጥሩ ዶላር ማምጣት ሲጀምር ፓስወርዱ ተቀየረ። በቃ። ማንን ትከሳለች? የት? ውል የላትም፣ ደረሰኝ የላትም፣ ዩቲዩብ የሚያውቀው ስም የእሷ አይደለም። ሽማግሌ ላኩ ተባለ፣ ተላከ፤ ዘመዱ "እኔ እኮ ግብሩንም የምከፍለው እኔ ነኝ" አለ። የሚያናድደው ግብሩን በተመለከተ መዋሸቱ አይደለም፤ እውነቱን ነው። ገንዘቡ በእሱ ስም ሲገባ የእሱ ገቢ ሆኖ ነው የሚቆጠረው።

ግብር ካነሳን፦ ከ2013 ማብቂያ አካባቢ ጀምሮ ጉግል አሜሪካ ውስጥ ካሉ ተመልካቾች ከሚገኘው ገቢ ላይ የአሜሪካን ግብር ይቆርጣል። ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት በሌላት አገር የተመዘገበ ሰው የሚቆረጥበት 30 በመቶ ነው። የአማርኛ ቻናል ዶላር የሚያመጣለት ተመልካች ደግሞ በብዛት ማን ነው? ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብሎ ሽሮ እየበላ የሚያየን ወገናችን ነው። እዚህ ሰፈር ያለው ተመልካች በዳታ ጥቅል ተሳቅቆ ያያል፣ ለእሱ የሚታየው ማስታወቂያም ርካሽ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ቁጥሩን ለምሳሌ ነው የወሰድኩት። በሺህ እይታ 1 ዶላር ደረሰህ እንበል። አንዱ ቪዲዮህ 50,000 ጊዜ ታየ፤ ለጀማሪ ይህ ሠርግ ነው። 50 ዶላር። በወር አራት ብታወጣና አራቱም እንዲህ ቢቀናቸው 200 ዶላር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ፣ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ ይህ ቁጥር በብር ሲመነዘር አፍ የሚያስከፍት መሰለ። የፖድካስት ትኩሳቱም የባሰው ያኔ ይመስለኛል። ነገር ግን ካሜራውም፣ ማይኩም፣ የስልክህ ስክሪንም የሚገዛው በዚያው ዶላር ነው። ከሁለት መቶው ላይ የስቱዲዮ ኪራይ፣ የካሜራ ባለሙያ፣ ኤዲተር፣ የእንግዳው ምሳ፣ የአጎትዬው ድርሻ ይነሳል። መብራት የሄደበት ቀን ደግሞ አለ።

በዚህ ላይ ቆራጮቹ አሉ። የሦስት ሰዓቱን ቃለ መጠይቅ በማግስቱ አርባ ሰከንድ አርባ ሰከንድ ከትፈው ቲክቶክ ላይ ይበትኑታል፤ ሚሊዮን እይታ የሚያገኘው የእነሱ ቁራጭ ነው። ይህን ሳይ የአራት ኪሎና የፒያሳ ጋዜጣ አከራዮች ትዝ ይሉኛል። አንዷን ጋዜጣ በሳንቲም እያከራዩ ሃያ ሰላሳ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነባት ነበር፤ አሳታሚው ያገኘው የአንዷን ዋጋ ነው። እኔም ተከራይቼ ካነበቡት አንዱ ስለነበርኩ ድንጋይ ለመወርወር ብዙም አልደፍርም።

እንግዲህ ከዩቲዩብ የሚገኘው ይህን ያህል ከሆነ፣ ያ ሁሉ ሶፋ፣ ያ ሁሉ ቀይ ሰማያዊ መብራት፣ ያ ሁሉ የፕላስቲክ አትክልት በምን ይቆማል?

የመጀመሪያው መልስ ስፖንሰር ነው። ሪል እስቴት፣ ባንክ፣ የጉዞ ወኪል፣ የፀጉር ቅባት። ምንም ነውር የለበትም፣ ተናግረህ እስከሠራኸው ድረስ። "ይህ ዝግጅት የቀረበው በእንትና ነው" ተብሎ ይጀመራል፣ ሰው ያውቃል፣ ያልፈዋል ወይም ይሰማል። ችግሩ የሚመጣው የሪል እስቴቱ ባለቤት ራሱ እንግዳ ሆኖ ወንበሩ ላይ ሲወጣ ነው። "ከባዶ የተነሳው ባለሀብት"። አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ጫማ መጥረጉ፣ ስለ እናቱ ጸሎት። አንድም ጊዜ "ቤት ከፍለው ያልተረከቡ ሰዎች አሉ ይባላል፣ ምን ይላሉ?" የሚል ጥያቄ የለም። ለምን አይኖርም? ሰውየው ወንበሩን ገዝቶታላ።

ይህን በወሬ አይደለም የማወራው። ዓምና አንድ ፖድካስት እንግዳ እንድሆን ጋበዘኝ። ደስ አለኝ፣ ሸሚዝ አስተኮስኩ። ከዚያ አንዲት በጣም ትሁት ልጅ ደውላ "ጋሼ፣ የትኛውን ፓኬጅ ይመርጣሉ?" አለችኝ። ቁርስ ያለው መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ፓኬጁ ለካ የእኔ ክፍያ ነው፤ አንድ ሰዓት በዚህን ያህል፣ ሁለት ሰዓት ከአምስት የቲክቶክ ቁራጭ ጋር በዚህን ያህል፣ "ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ማየት" በተጨማሪ። "ልጄ፣ እኔ የምሸጠው ነገር የለኝም" ስላት፣ "መጽሐፍ የለዎትም?" አለችኝ። የለኝም። ቀረሁ። ሸሚዙ ለለቅሶ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቃለ መጠይቅ እንደ ድሮው ማየት አቃተኝ። ዶክተሩ ስለ ክሊኒኩ ሲያወራ "ስንት ከፈለ?" እላለሁ። አሠልጣኙ ስለ ስኬቱ ሲያወራ "የትኛው ፓኬጅ ነው?" እላለሁ። ያልከፈለውንም ሰው በጥርጣሬ አየዋለሁ፣ ይህ ደግሞ ያልከፈለው ላይ የተሠራ ግፍ ነው። በነጻ፣ በእውቀቱ ተመርጦ የመጣው ሰው ቃል ከገዢው ቃል ጋር በአንድ ሶፋ ተቀምጦ ዋጋው ረከሰ። ደግሞ አንድ ነገር አስቡ፤ ይህ ነገር ከቀጠለ የሚናገሩት መክፈል የሚችሉት ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልውሰዳችሁ። ሠራተኛ ሰፈር ነው ያደግኩት። ወጣት ሳለን ኪሳችን ትንሽ ሲሞቅ ወደ እሪ በከንቱ ወረድ ብለን አዝማሪ ቤት እንገባ ነበር። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲዞር አንዱ ሰካራም ከጥግ ይነሳና "ተቀበል!" ይላል። የሚፈልገውን ግጥም ያቀብለዋል፣ አዝማሪው ያንኑ አሳምሮ ይዘፍነዋል። ከዚያ ሰውየው ብሩን አውጥቶ፣ ላቡን ቸፍ ያደረገው ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ቤቱ በሙሉ ያያል። ማን አስዘፈነ? ያ ባለ ቡኒ ኮቱ። ስንት ሰጠ? አስር ብር፣ ይኸው ተለጥፏል። የተወደሰው ማን ነው? የከፈለው። የተሰደበው ማን ነው? ያልከፈለው ወይም የከፋዩ ባላንጣ። ፋራ ካልሆንክ በስተቀር ያዳራሹን ሒሳብ በአንድ ዓይን ታነበዋለህ። አዝማሪው ለብር ዘፈነ ብሎ የናቀው ሰው ብዙ ነው፣ ስሙም ስድብ ሆኖ ኖሯል። ግን አንድ ነገር አላደረገም፤ ብሩን ኪሱ ከትቶ "ይህ ከልቤ የመነጨ ነው" አላለንም።

የዛሬው አቅራቢም "ተቀበል" ተብሎ ይቀበላል። "ተቀበል" የሚለውን ድምፅ ብቻ ኤዲተሩ ቆርጦ ያወጣዋል።

ከዚያው ሰፈር ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ መብት በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ልጅ አዋጁን ጥሶ በ1961 የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። የመጀመሪያዎቹን የአለማየሁ እሸቴን ሸክላዎች ሕንድ ድረስ ልኮ አስጠረበ። እስከ አብዮቱ ማግስት ድረስ መቶ ያህል ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ነጋዴ ነበር፣ ለትርፍ ነው የሠራው፣ አላፈረበትም። ሸክላው መሃል ያለችውን ክብ ወረቀት እዩ፤ አምሃ ሪከርድስ ይላል። ገንዘቡን ያወጣው ማን እንደሆነ ሙዚቃው ሳይጀምር ታነባለህ። አራዳነት ማለት እኔ ያደግኩበት ትርጉሙ ይሄ ነበር፤ ነቄ ነህ፣ ትሸጣለህ፣ ግን ሿ አትሠራም።

"ሕግ ይኑርማ" የምትሉኝ አላችሁ። የማስታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 759/2004፣ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ካስቀመጠ ከአስር ዓመት በላይ ሆነው። ዩቲዩብም ራሱ ቪዲዮ ስትጭን "የተከፈለበት ማስተዋወቅ አለበት ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለው፤ ምልክት ካደረግክባት ለተመልካቹ መጀመሪያ ላይ ጽሑፍ ያወጣል። አንዲት ጠቅታ ናት። ሕግ አጥተን አይደለም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ፣ ይህን ጽሑፍ ለሦስት ወር ያስቆየኝ እሱ ነው።

ዶሮ ማነቂያ የሚኖሩ እናት ነበሩ። ልጆች ሆነን እንጀራ በሚጥሚጣ ያጎረሱን ናቸው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ የፒያሳ ትዝታ ገበያ ሆነ፤ የማይናፍቅ ፖድካስት አልነበረም። አንዱ እሳቸውን ፈልጎ አገኘ። ስለ ሰፈሩ ሊጠይቃቸው ነው የወሰዳቸው። ስለ ሰፈሩ አሥር ደቂቃ ጠየቃቸው። ከዚያ ስለ ሟች ባላቸው፣ ከዚያ ስለ ወንድ ልጃቸው ጠየቃቸው፣ ልጁ እንዴት እንደጠፋባቸው። ሴትየዋ ሰው አክብሮ ሲጠይቃቸው ዝም ማለት ነውር ነው ብለው ያደጉ ናቸው። ነገሩት። አለቀሱ። ካሜራው ቀረበ። ሲጨርሱ አምስት መቶ ብር የታክሲ ሰጣቸው፣ እሳቸውም መረቁት።

ቪዲዮው ሲወጣ ፊታቸው ላይ ቀይ ቀስት፣ አጠገቡ የልጃቸው ፎቶ፣ ከላይ እሳቸው ያልተናገሩት ዓረፍተ ነገር በጥቅስ ምልክት ተጽፎበት ነበር። ብዙ መቶ ሺህ ሰው አየው። አዲሱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማንም የማያውቃቸው ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ "የዚያ ልጅ እናት" ሆኑ። ደረጃ ላይ የሚያገኛቸው ሰው ያፈጥባቸዋል። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ተጣላ። እኔ ዘንድ መጡና "ልጄ፣ አንተ የጋዜጣ ሰው ነህ፣ አንሳው በልልኝ" አሉኝ።

ደወልኩ። አቅራቢው በጣም በጨዋነት አናገረኝ። "ጋሼ፣ ቪዲዮው ሞኒታይዝድ ነው፤ ቻናሉን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ባነሳው ደሞዝ የምከፍላቸው ልጆች አሉኝ" አለኝ። ልብ በሉ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ሒሳቡን ነው የነገረኝ። የአንዲት እናት እንባ የአራት ሠራተኛ ደሞዝ ነው። እንደዚያ ከሆነ፣ አልኩት፣ አምስተኛዋ ሠራተኛ እሳቸው አይደሉም ወይ? ድርሻቸው የታለ? ሳቀ። በክፋት አይደለም የሳቀው፤ አስቦት አያውቅም። ቪዲዮው ዛሬም አለ።

"እንግዳ መክፈል ከጀመርንማ ሁሉም እያለቀሰ ይመጣል፣ ውሸት ይበዛል" ይሉኛል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፣ ለተቸገረ ሰው ስለ ችግሩ መክፈል አደጋ እንዳለው በክፍል ውስጥ ራሴ አስተምሬዋለሁ። ግን እዩ፤ ባለሀብቱ ለመናገር ይከፍላል፣ ችግረኛዋ ተናግራ ሌላው ይከፈልበታል። ሁለቱም ላይ ገንዘብ አለ። ለእሷ ሲሆን ብቻ ነው ሥነ ምግባር ትዝ የሚለን። ቢያንስ "አንሳው" ስትል ይነሳላት፤ ይህ ሳንቲም አይከፈልበትም። ፎቶዋ ላይ ያላለችውን አትጻፍባት።

እዚህ ጋ አንድ የራሴን ልጨምር፣ አለዚያ ግብዝ እሆናለሁ። ሪፖርተር በነበርኩባቸው ዓመታት የሆቴል ዎርክሾፕ ስንዘግብ ከበር ላይ ፖስታ ይሰጠን ነበር፤ አበል ይባላል። ወስጃለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። ፖስታውን የሰጠኝን ድርጅት ዜና ሳልጽፍ የቀረሁበትን ቀን አላስታውስም፣ ፖስታ ስለመቀበሌም አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ የፓኬጁ ነገር በፖድካስተሮቹ አልተጀመረም፤ ከእኛ ነው የወረሱት፣ ሶፋና መብራት ጨመሩበት እንጂ። ተማሪዎቼ የነበራችሁ "ቲቸር ይህን ክፍል ውስጥ ለምን አልነገርከንም?" ብትሉኝ ልክ ናችሁ።

አሁን ለአንተ፣ ለደወልክልኝ ልጅ።

የእናትህን ወርቅ አትሽጥ። እዚሁ ፒያሳ ወርቅ ቤት ሂድና ያው ሐብል ሲገዛና ሲሸጥ ያለውን የዋጋ ልዩነት ጠይቅ፤ ሐብሉን መልሰህ ልግዛ ብትል ምን ያህል እንደሚርቅህ ያኔ ይገባሃል። ሁለት ካሜራ አያስፈልግህም። በስልክህና በአንድ ደህና ማይክ አሥር ሰው አናግር፤ ሰው መጥፎ ምስል ይታገሳል፣ መጥፎ ድምፅ አይታገስም። አሥረኛው ላይ አሁንም የመጠየቅ ፍላጎት ካለህ ያኔ እንነጋገራለን። አካውንቱን በሰው ስም ከከፈትክ ከዘመድህ ጋር በጽሑፍ ተዋዋል፣ ወንድምህም ቢሆን፤ ፓስወርዱና የማረጋገጫው ስልክ ያንተ ይሁን። ስፖንሰር ካገኘህ በመጀመሪያው ደቂቃ ስሙን ጥራ። እንግዳ ልክፈልህ ካለህ ወይ እምቢ በል፣ ወይ "ይህ ሰው ለዚህ ሰዓት ከፍሎኛል" ብለህ ጀምር። ሁለተኛውን ለመናገር ካፈርክ መልሱን አግኝተኸዋል።

ተመልካቹንም በግልጽ ጠይቅ። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ጀምሮ አስር ብር ለመስጠት ግንባር አጠገብ መድረስ አያስፈልግም። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሰው አንበሳ ሲወረውር ታያለህ፤ ማን እንደላከ ስሙ ወጥቶ ሁሉም ያየዋል፤ ብዙ የማልወድለት ነገር አለ፣ ይህን ግን ካዝማሪ ቤት ነው የወሰደው እላለሁ። እናንተም ተመልካቾች፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ በነጻ ሰምታችሁ "ምነው ማስታወቂያ በዛ" የምትሉ፣ ካልለጠፋችሁ ሌላው ይለጥፋል፣ ዘፈኑም የእሱ ይሆናል።

እኚያን እናት ባለፈው እሁድ ሄጄ አየኋቸው። ስለ ቪዲዮው አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። ቡና አፈሉልኝ። ሁለተኛው ላይ "ያ ልጅ ደህና ነው?" ብለው ስለ አቅራቢው ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኳቸው።

ወርቁ የሚሸጠው ሐሙስ ነው ብለኸኛል። እሮብ ማታ ስልኬን ክፍት አደርገዋለሁ፣ ደውል።